የአጠናው ጥላ

በኮልፌ አጠና ተራ ዓለም መቼ እንደተፈጠረች የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተገኘም። የዓለም አፈጣጠር ሙግት መቼ እንደተጀመረ ግን የሰፈሩ ሸካም ሁሉ ይነግርሃል፤ የጉልላት የእጅ ሰዓት የቆመች ቀን ነው።

ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አልተወም፤ በዚያ ጭቃ ቤት የሚሠራ ስለሌለ አጠናም ቆርቆሮም የሚጠይቅ አልነበረም። ጉልላት ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅና ዩሱፍ አጠና የሚሸጥበት ግቢ አጥር ለአጥር ናቸው። ከዩሱፍ አጠና የገዛ ሰው ምስማሩን ከጉልላት ይገዛል፤ ሁለቱም አርጅተው ፂማቸው እስኪሸብት የኖሩት እንዲህ ነው። ያን ቀን ጉልላት ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ጎርፉን ሲያዩ ጉልላት ሰዓቷን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ነቀነቃት።

«ቆመች» አለ።

«ጊዜ ቆመልኝ በለኛ! ከእንግዲህ አታረጅም» አለ ዩሱፍ።

«ሰዓቷ ናት የቆመችው። ጊዜ አይቆምም።»

«በምን አወቅህ?»

«ቆሞ አያውቅማ! ሁልጊዜ ነበረ፣ ሁልጊዜም ይኖራል።»

ዩሱፍ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። ጉልላት ያችን ነገር ያውቃታል፤ ሰውየው ዋጋ ሊከራከር ሲል የሚያደርጋት ናት። «ሁልጊዜ? ዓለም ሳትፈጠርም?»

«ሳትፈጠርም።»

«እና ያኔ ምን ይሠራ ነበር?»

«ማን?»

«ጊዜ ነዋ! ማን ያረጅበታል? ማን ያረፍድበታል?»

ጉልላት መልስ አጣ። መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጮኻል፤ ጮኸ። ዩሱፍም ድምፅ አንሶት አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ፤ እነሱ ግን ይኸው ስንት ዓመት አላባሩም።

ፈጣሪ በመኖሩ ላይ ጠብ የለም። ጉልላት በቤተ ክርስቲያኑ፣ ዩሱፍ በመስጊዱ፣ ዓለም ሠሪ እንዳላት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ፤ እዚያ ላይ አንዱ የሌላውን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ጠቡ «በፊት» በምትባል ነገር ላይ ብቻ ነው። ጉልላት ከፍጥረት በፊት ረጅም ዝምታ ነበረ፣ ዝምታውም ጊዜ ነው ይላል። ዩሱፍ ጊዜ ራሱ ፍጡር ነው፣ ከፍጥረት በፊት «በፊት» የሚባል ነገር የለም ይላል። ከሁለቱ ማን ልክ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ እነሱም አያውቁም ነበር። ባለማወቃቸው ግን ሥራ አልፈቱም።

ሸካሞቹ ጠዋት ሲገቡ ሰላምታቸው «ዛሬስ ዓለም ተፈጠረች?» ሆነ። «ገና ናት፤ ጉልላት አልፈቀደም» ይላል ዩሱፍ። አንዳንዱ ደንበኛ አጠናውን አስጭኖ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ነገሩ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየት ቆሞ ይቀራል። የዩሱፍ ልጅ ጁወይሪያ አንድ ቀን ትገላግላቸው መስሏት ስልኳን ይዛ መጣች፤ መድኃኒት ቤት የምትሠራ የተማረች ልጅ ናት። «ሳይንቲስቶች የሚሉት፣ ሁሉም ነገር በጣም ትንሽ ከሆነች ነገር ተነስቶ ተዘረጋ፤ ጊዜም አብሮ ያኔ ጀመረ ነው» አለች። «ሰማህ?» ብሎ ዩሱፍ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ከዚያ በፊትም ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም የሚሉ ግን አሉ» ስትል ደግሞ ጉልላት ተነሳ። «ሰማህ?» ጁወይሪያ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ጉልላትን በእውነት የጣለው ሙግት አንድ ነው። ዩሱፍ አንድ የበጋ ጠዋት ግቢው መሐል ረጅም አጠና አቆመና ጠራው። የአጠናው ጥላ እስከ ጉልላት ጫማ ድረስ ተዘርግቷል።

«ጊዜ ማለት ይሄ ጥላ ነው» አለው። «ዓለም ደግሞ አጠናው። አጠናው ቆመ፣ ጥላው መጣ። በል ንገረኝ፤ አጠናው ሳይቆም ጥላው የት ነበር?»

ጉልላት ጥላውን አየ፣ አጠናውን አየ። ሸካሞቹ አጨበጨቡ። ሱቁ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ምስማር ሲመዝን ዋለና፣ በር ሊዘጋ ሲል ትዝ ብሎት በአጥሩ ላይ ጮኸ፤ «ጥላው ባይኖርም ፀሐይዋ ነበረች!»

«እሷንስ ማን አቆማት?» አለ ዩሱፍ ከወዲያ ማዶ፣ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ።

ከዚያ ወዲህ ጉልላት ያቺን ጥላ የሚያሸንፍበት ነገር ፈልጎ ፈልጎ አጣ። ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ትመጣበት ነበር። ሲናደድ ለሚስቱ ለአልማዜ «ጥላዋ እኮ የኔ መሆን ነበረባት!» ይላታል። አልማዜም «እንኳን የአንተ አልሆነች፤ እሷን ስትደግም ጆሮዬ ይበጠስ ነበር» ትለዋለች።

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት፣ ዩሱፍ ከአየር ጤና ከመጣ ደንበኛ ጋር ዋጋ ሲከራከር ቃሉ አፉ ውስጥ ተጠቀለለበት። ደንበኛው የቀለደ መስሎት ሳቀ። ጉልላት ግን ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ሰማና ሚዛኑን ጥሎ ሮጠ፤ ዩሱፍ ዋጋ ላይ ቀልድ እንደማያውቅ ያውቃላ። ሲደርስ ወዳጁ የአጠና ክምር ላይ ቁጭ ብሏል። የፊቱ ቀኝ ጎን ወርዷል። ዓይኑ ጉልላትን ያያል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ጉልላት መንገድ ላይ ገብቶ የመጀመሪያውን ታክሲ አስቆመ፤ ተሳፋሪውም አንድም ሰው ሳያጉረመርም ወረደላቸው።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። እግሩ ቶሎ ተመለሰ፣ ቀኝ እጁም እያዘገመ ተመለሰ። ድምፁ ብቻ ሳይመለስ ቀረ። «ቃላቱ አልጠፉም፣ ውስጡ አሉ» አለቻቸው ሐኪሟ ለሚስቱ ለአልፊያና ለጁወይሪያ። «መውጫው ነው የተዘጋበት። እየሞከረ ከሄደ ይከፈትለታል። ዝም ካለ ግን ይለምደዋል። እናንተ አትናገሩለት፤ እሱ እንዲመልስ አድርጉት።»

ዩሱፍ መጀመሪያ ሰሞን ሞከረ። የወጣው ግን ቃል ሳይሆን ማቃሰት ነበር፤ ያውም የገዛ ልጁ ፊት። አስፋልት ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነውና አፈረ። አፉን ዘጋ፤ ዘግቶም ቀረ።

ነገሩን የባሰ የሚያንገበግበው ደግሞ የጁወይሪያ ኒካሕ ነበር። የሳንሱሲ ሰፈሩ ልጅ ኑሕ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ኒካሑ ክረምቱ እንደወጣ እንዲሆን ተቀጥሯል። በኒካሕ ላይ ልጁን የሚድረው አባት «ልጄን ድሬልሃለሁ» የሚለውን በገዛ አንደበቱ ይናገራል። ዩሱፍ ደግሞ ይህችን ቀን ጁወይሪያ በእግሯ ሳትሄድ ጀምሮ ሲጠብቃት የኖረ ሰው ነው። «ያን ቀን ድምፄ አየር ጤና ይሰማል» እያለ ጉልላትን ሲያደነቁረው ነው የኖረው። አሁን ግን ታናሽ ወንድሙ ወኪል ሆኖ እንዲናገርለት ቤተ ዘመድ እየመከረ ነበር። ሃይማኖቱ አይከለክልም፤ ሁሉም ደግ አስቦ ነው። ዩሱፍ ሲነግሩት በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ጁወይሪያ ኩሽና ገብታ ያለቀሰችው ያን ቀን ነው።

በኛ አገር በሽተኛ አይሞገትም። ጠያቂው ብርቱካኑንና ሙዙን ይዞ ይገባል፣ «አላህ ያሽርህ» ወይም «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ከዚያ በሽተኛው የፈለገውን ቢያሳይ «ልክ ነህ፣ አዎ፣ እንደሱ ነው» ይባላል። ዩሱፍ በዓይኑ መስኮቱን ካየ አራት ሰው ተነስቶ ይከፍታል። መዘጋቱን ፈልጎ ይሁን መከፈቱን የሚጠይቅ የለም። «አይዞህ፣ አትናገር፣ አትድከም» ይሉታል። ሐኪሟ ያለችውን አልፊያ ብትነግራቸውም ማን ይሰማታል? በበሽተኛ ላይ ማን ይጨክናል?

ጉልላትም አልጨከነም። ጥፋቱም ይኸው ነው።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻውን አገኘው። ዩሱፍ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሸሚዙን ሰው ነው የቆለፈለት፤ አንዱ ቁልፍ ያለቦታው ገብቷል። ጉልላት ያቺን ቁልፍ አያት። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ጩኸት ዓይኑ ላይ መጣ። ይህ ሰው አንድ ደስታ ይገባዋል አለ በልቡ። ወንበሩን አስጠጋና እጁን ያዘው።

«ዩሱፌ» አለው። «ብዙ አሰብኩበት። አንተ ነህ ልክ። በፊት የሚባል ነገር የለም። አሸንፈኸኛል።»

ፈገግታ ነበር የጠበቀው። ዩሱፍ ግን ትኩር ብሎ አየው፤ ጉልላት ያን አስተያየት ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ቀስ ብሎ እጁን ከእጁ አወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጉልላት እንቅልፍ የወሰደው መስሎት በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ፤ ጽድቅ እንደሠራ ሰው ሆኖ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ አልፊያ ሱቁ ድረስ መጣች። ሰላም እንኳ አላለችም።

«ትናንት ምን ብለኸው ነው?»

«ኧረ ምንም! ምን ሆነ?»

«ከአንተ በኋላ እህል አልቀመሰም። እጁን የሚያፍታታበትን ኳስ ወረወረው። ለኒካሑ ወንድሙ እንዲቆም ራሱ በእጁ አሳየን። ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ አለቀሰ። ምን አልከው?»

«አንተ ነህ ልክ፣ አሸንፈኸኛል አልኩት። ደስ እንዲለው ብዬ።»

አልፊያ ጭኗን መታች። «ቀበርኩት በለኛ!»

«እንዴት?»

«ጉልላት! አንተ ለዩሱፍ እሺ ብለህ ታውቃለህ? አባትህ የሞቱ ጊዜ እንኳን ድንኳን ውስጥ ስትከራከሩ አልነበር? ዶክተሯም፣ እኔም፣ ዘመዱም ብንዋሸው ችሎት ነበር። የማይዋሸው አንተ ነበርክ። አንተም እሺ ስትለው፣ የሚሞት መሆኑን ከአፍህ ሰማ።»

ጉልላት ክው አለ። ሊመዝን የያዘው ምስማር እጁ ላይ ቀረ። አልፊያ ልብሷን ሰብስባ ልትሄድ ስትል «ምን ላድርግ?» አላት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ያበላሸኸውን አንተ አስተካክለው።»

እራት ላይ አልበላ አለ። አልማዜ ምን ሆንክ ብትለው ነገራት፤ እሷም እንደ አልፊያ ጭኗን መታች፤ ሴቶቹ የተማከሩ ይመስል ነበር። ከዚያ ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ ሲያጉተመትም ቆየና ድንገት «ጥላዋ!» አለ።

«ደግሞ ጀመረህ!» አለች አልማዜ።

«ልሰርቃት ነው።»

አርብ ከጁምዓ መልስ የዩሱፍ ቤት በጠያቂ ይሞላል። ጉልላት ያንን አውቆ መረጠ። ሲገባ ሳሎኑ ጢም ብሏል፤ ወንድምየው አለ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሸካሞቹም ጫማቸውን አውልቀው በሩ ሥር ተደርድረዋል። ዩሱፍ ትራሱ ላይ ሆኖ ማንንም አያይም። ጉልላት ብርቱካን አልያዘም። «እግዜር ይማርህ»ም አላለም። ወንበር ስቦ መሐል ቁጭ አለና ለበሽተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ለጠያቂዎቹ ማውራት ጀመረ።

«ስለ ጊዜ አፈጣጠር ስንከራከር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ዛሬ እውነቱን ልንገራችሁ። ያቺ የአጠናው ጥላ የምትባለው ሙግት የኔ ናት።»

አንድ ሸካም ቀና አለ። «ኧረ ጋሼ፣ እሷ እንኳን የጋሽ ዩሱፍ...»

«ዝም በል! አንተ ያን ቀን የት ነበርክ? እኔ ነኝ ያሰብኳት። አጠናውንም ያቆምኩት እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ያኔ ጊዜ ጭቃ ነው፣ ረግጠኸው ታልፋለህ እያለ ሲቀባጥር ነበር። አጠናው ሳይቆም ጥላው የት ነበር ብዬ ስጠይቀው አፉን ይዞ ቀረ።»

ከበስተጀርባው ትራሱ ሲንሸራተት ሰማ። ዞሮ ግን አላየም።

«ጉልላት፣ ነውር ነው!» አለ የዩሱፍ ወንድም። «የታመመ ሰው ቤት ነው ያለኸው!»

«ታሞስ ቢሆን? ውሸት ከሆነ ራሱ ይናገራ! ምስክር አለው? የለውም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በአጠና ተራ ጥላዋ የጉልላት ጥላ ተብላ ትጠራለች። ሱቄ በር ላይ አስጽፋታለሁ። ይሄ ሰውዬ እኮ ድሮም...»

«የ...»

አልፊያ ከኩሽና ብርጭቆ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«የ... የ...»

ጉልላት አሁን ዞረ። ዩሱፍ ከትራሱ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ፊቱ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ቀኝ እጁን ጨብጧል። ኮፍያውን በግራ እጁ ወደ ኋላ ገፋ።

«የ... ኔ!» አለ። «የኔ!» ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያስበው፣ ከሆዱ፣ ድሮ አስፋልት ማዶ ይሰማ በነበረው ድምፅ፣ «ሌ... ባ!»

የአልፊያ ብርጭቆ ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ፤ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። እሷም ስባሪውን አላየችውም፤ እልል አለች። ጁወይሪያ ከጓዳ ሮጣ መጥታ አባቷ ላይ ተጠመጠመች። ሸካሞቹ ይጨፍራሉ፤ ሽማግሌዎቹ «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ። የጉልላት እንባ ፂሙ ላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ግን እንደተጫነ አህያ ግትር ብሎ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ማስረጃ አለህ?» አለው።

«ሌባ!» አለ ዩሱፍ።

«እሷን ሰማናት። ሌላስ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልላት ሱቁን ለአልማዜ እየተወ ከሰዓት ከሰዓት ወደ ዩሱፍ ቤት ይሄድ ጀመር። ሄዶ ይዋሻል። ያላለውን አልክ ይለዋል፣ ያለውን የኔ ነው ይለዋል። የዩሱፍ ቃላት እንደልብ አልመጡም። አንዳንድ ቀን ከ«አይ» በቀር የሚወጣ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ «አይ» ብሎ ደክሞት ይተኛል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የፈለገው ቃል ቀርቶ ሌላ ይመጣበታል። አንድ ቀን «ዓለም ከ... ከ...» ብሎ ሲታገል «ከድስት!» አለ። የራሱ ዓይን በድንጋጤ ፈጠጠ። ጁወይሪያ ልታርመው አፏን ስትከፍት ጉልላት በእጁ ከለከላት።

«ከድስት? አዲስ ነገር ነው፤ እንየው» አለ፣ ፂሙን እያሻሸ። «እሺ፣ ድስቱን ማን ከፈተው? ክዳኑስ ከድስቱ በፊት ነበረ ወይስ በኋላ?»

ዩሱፍ ሳቀ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ የፊቱ የወረደው ጎን እንኳን አብሮ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ «ከምንም» አለ፤ ሲታገል የነበረው ቃል ያ ኖሯል።

መስከረም ጠባ፤ ኒካሑ ደረሰ። በዋዜማው ወንድምየው መጥቶ እንዲህ አለ፤ «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ማውራት ሌላ፣ በሕዝብ ፊት ሌላ። ብትደናቀፍ ልጅቷ ትሳቀቃለች። እኔ ልቁምልህ።» ዩሱፍ መሬት መሬት አየ። ፍርሃቱ ገና አልለቀቀውም ነበር። ጉልላት ሲሰናበተው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ለሱ ከሰጠኸው፣ ነገውኑ ተሸነፈ ብዬ አጠና ተራ ላይ አስወራለሁ።»

«ሂ... ድ!» አለ ዩሱፍ።

በኒካሑ ቀን የዩሱፍ ቤት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጣለ። የድንኳኑ ምሰሶዎች የራሱ የዩሱፍ አጠናዎች ናቸው፤ ሸካሞቹ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጠው አምጥተዋል፤ ምስማሩ የማን እንደሆነ አይጠየቅም። ሼኹ መሐል ተቀመጡ፤ በአንድ ጎን ሙሽራው ኑሕ፣ በሌላው ዩሱፍ። ነጭ ጀለቢያ ለብሷል፤ ቁልፎቹ ሁሉ በየቦታቸው ናቸው፤ ራሱ ነው የቆለፋቸው። ወንድምየው ከጎኑ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጉልላት ከክርስቲያን ጎረቤቶቹ ጋር ከድንኳኑ ጫፍ ነው።

ሼኹ ዱዓቸውን ጨርሰው የዩሱፍንና የኑሕን እጅ አጨባበጡ። «በል» አሉ በለሆሳስ።

ዩሱፍ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ትንፋሹን ያዘ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹም ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ። ወንድምየው ጉሮሮውን ጠራረገና ጎንበስ አለ።

ያኔ ዩሱፍ ቀና ብሎ በሰው ትከሻ ላይ ጉልላትን ፈለገው። ጉልላት የሚሆነውን አጥቶ ነበር፤ በልቡ እመቤቴን ይለምናል። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ግን ያቺን ፊት አደረጋት፤ ሙግት ያሸነፈ ሲመስለው የሚያደርጋትን፣ አገጩን ወደ ላይ፣ ቅንድቡን ከፍ። *አላልኩህም? ከመጀመሪያው በፊት ዝምታ ነበር* የምትለዋን ፊት።

ዩሱፍ ወንድሙን በክርኑ ገፋ አደረገው።

«ልጄን» አለ። ድምፁ ሰነጠቀ። ትንፋሽ ሳበ። «ልጄን ጁወይሪያን... ለአንተ... ድሬልሃለሁ!»

አየር ጤና ድረስ ተሰማ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አስፋልት ማዶ ግን ተሰምቷል። ኑሕ «ተቀብያለሁ» ያለውን የሰማ ሰው መኖሩን እንጃ፤ እልልታው ውጦታል። ከመጋረጃው ወዲያ የጁወይሪያ የሳቅና የልቅሶ ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ። ወንድምየው የዩሱፍን ራስ ይስማል። ሸካሞቹ ጉልላትን በጫንቃቸው ተሸክመው ድንኳኑን ሊያዞሩት ሲሉ «አውርዱኝ፣ አጠና አይደለሁም!» እያለ ይጮኻል።

ሰዉ ወደ ምግቡ ሲያልፍ ጉልላት ሄዶ ከዩሱፍ አጠገብ ቁጭ አለ። ሁለቱም ላብ አጥምቋቸው ነበር። የከሰዓት ፀሐይ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ የምሰሶዎቹ ጥላ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል።

«እንግዲህ በራስህ አይተኸዋል» አለ ጉልላት። «ቃልህ ከመውጣቱ በፊት ያ ሁሉ ዝምታ ነበረ። ሁላችንም ቆይተንበታል፤ እኔማ አርጅቼበታለሁ። ጊዜ ካልሆነ ምን ነበር?»

ዩሱፍ ጥላውን አየ። ምሰሶውን አየ። ከዚያ ወደ ጉልላት ዞረና እጁን ያዘው፤ ፊቱ ለስልሷል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጉልላቴ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ... ነህ... ልክ። አሸን... ፈኸኛል።»

ጉልላት ደሙ ቀጥ አለ። «ምን?» አለ። «ምን ሆነሃል? ምንህን ነው የሚያምህ? አልፊያ! ኧረ ዶክተር ጥሩ!» ብድግ አለ፤ ሳህን ረገጠ፤ የወዳጁን ግንባር ዳበሰ። «አልቀበልም! ሰምተሃል? አልተሸነፍክም! ጥላዋ የአንተ ናት፣ ሁሉም የአንተ ነው፣ በፊት የሚባል ነገር የለም!»

የዩሱፍ ከንፈር አንደኛው ጥግ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ትከሻው። ከዚያ ሰውየው ትራሱ ላይ ወድቆ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«አየህ» አለ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት፣ አንድ አንድ እያለ፣ አንዱንም ቃል ሳይስት። «እንዴት... እንደሚያም... አየህ?»

ጉልላት በቆመበት ቆሞ አየው። ከዚያ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ የቱን እንደሚያደርግ ራሱም አላወቀም። ዩሱፍ በቀኝ እጁ፣ በታመመው፣ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ነገ... አጠና ተራ እመጣለሁ» አለው። «አጠናውን... አቁመህ ጠብቀኝ።»